ባሶ፦ ግንብ ያላስቀረ ገበያ

በጃፓን አገር፣ ከቶኪዮ ብዙም በማትርቀው በካዋጎኤ ከተማ፣ የታወቀ የነጋዴዎች መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1893 ቃጠሎ ከተማዋን ከፈጃት በኋላ ነጋዴዎቿ እሳት እንዳይደፍራቸው ግድግዳውን በወፍራም ጭቃ እየመረጉ መደብሮቻቸውን ዳግመኛ ሠሩ። ዛሬ አስጎብኚ ከፊት ይመራል፤ እንግዳ ይከተላል፤ የከተማዋም ታሪክ መደብር በመደብር ይነበባል።

እኛስ? በጎጃም ምድር እንዲህ ተብሎ የሚጎበኝ የንግድ ስፍራ አልነበረንምን? ነበረን፤ ያውም ከእናርያ እስከ ምጽዋ ስሙ የተጠራ። ዳሩ ግን የእኛ ገበያ ግንብ አልነበረውም። ጠዋት በሜዳው ላይ ይቆማል፤ ማታ ይፈታል፤ የቀረውን ነፋስና ዝናብ ይጠርገዋል። ስለዚህም አስጎብኚው ቃል ብቻ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ቃል እየተመራን ጥቂት እንራመድ።

መነሻችን ደብረ ማርቆስ ትሁን። ይህች ከተማ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው፤ በ1845 ዓ.ም. ገደማ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ቆረቆሯት። ኋላ ራስ አዳል ተሰማ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ባሠሩ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ተባለች። እኒህ ራስ በጥር ወር 1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ እጅ ዘውድ ተቀብለው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲባሉ የተሰጣቸው ማዕረግ «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» የሚል ነበር። የከፋ ስም ከጎጃም ዘውድ ጋር ምን አገናኘው? በመካከሉ ዓባይ አለ፤ ጉዱሩ አለ፤ የጊቤ ነገሥታት አገር አለ። ምስጢሩን የምናገኘው በቤተ መንግሥቱ አይደለም፤ ከከተማዋ ወደ ደቡብ ወርደን በየጁቤ አጠገብ ነው። ማዕረጉ የነጋዴው መንገድ ካርታ ነበርና።

ከመንቆረር መቆርቆር አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ዘመን፣ ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ በየጁቤ ሰንብቶ የባሶን ገበያ በዐይኑ አይቶ ጽፏል። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲም በዚያው ዘመን ዓባይን ተሻግሮ እናርያ ድረስ ዘልቋል። እነርሱና መሰሎቻቸው የተዉልንን ይዘን ወደ ሜዳው እንግባ።

በመጀመሪያ የምናየው ጨው ነው። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ፣ እንዳይሰበር በልጥ ታስሮ፣ በአህያና በበቅሎ ስንት ኬላ አልፎ የመጣ ነው። ወደ ደቡብ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል፤ የተሰበረው ደግሞ ዋጋው ይጎድላል። የሚበላ ገንዘብ እንዲህ ነው፤ በዝናብም ይሟሟል። ለትልቁ ግዥ ጠገራው ብር አለ፤ የየትኛውም ዓመት ሥራ ቢሆን እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ብር። ተቀባዩ የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻዋን ፈርጥ ሳይመረምር እጁን አይዘረጋም።

ቀጥሎ ከዓባይ ማዶ የመጣው አለ። ቡናው ከእናርያና ከከፋ ነው። በዚያ ዘመን የጎጃም ክርስቲያን ቡና መጠጣትን የእስላም ልማድ አድርጎ ይቆጥር ስለ ነበር ቡናው በአገሩ ላይ ያልፋል እንጂ በአገሩ አይቀርም። ኮረሪማ አለ፤ ወርቅ አለ፤ የዝሆን ጥርስ አለ። ከጥርኝ የሚወጣው ዝባድ ደግሞ በቀንድ ተሞልቶ ይሸጣል። ወደ ማዶ የሚሻገረው ጨውና ጨርቅ፣ ዶቃም ነው። የማዶው ነጋዴ አፍቃላ ይባላል፤ የወዲሁ ደግሞ ከደሪጣና ከጎንደር የሚወርደው ጀበርቲ ነው። በመካከላቸው በጉዱሩ የአሰንዳቦ ገበያ፣ በእናርያም የአባ ቦጊቦ የንግድ ከተማ ሳቃ አሉ። ይህን ሁሉ የሚያዘው ግን ዓባይ ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል፤ መስቀል አልፎ ውኃው ሲጎድል ይከፈታል።

እስካሁን ያየነው የሚያኮራ ነው፤ አስጎብኚም ደስ ብሎት የሚያሳየው። ከሜዳው ወጥተን ለመሄድ የምንፈልገውም እዚህ ላይ ሳለን ነው። ነገር ግን አንድ ተራ ቀርቶናል። በባሶ ሰው ይሸጥ ነበር። አብዛኞቹ ከዓባይ ደቡብ በጦርነት የተማረኩ፣ ከመንገድም የተጠለፉ ሰዎች ነበሩ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ባሪያውን የሚነዳው ነጋዴ ነው ብለን እጃችንን መታጠብ አይቻለንም፤ ቀረጡን የሚቀበለው ገዢ፣ ገዝቶም ውኃ የሚያስቀዳውና እንጨት የሚያስለቅመው ቤት የእኛው ነበር። ባርነት በዐዋጅ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ባሶ በቤክ ከታየ ከመቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከዚያ ተራ ያለፉት ሰዎች ድምፅ አልተጻፈም። ዕጣቸውን በጥቂቱ የሚያሳየን ግን ሂካ የተባለ ልጅ አለ። ከኢሉባቦር በሕፃንነቱ ተጠልፎ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ፣ በ1862 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። ኋላ ኦነሲሞስ ነሲብ የተባለው፣ እርሷም ከባርነት ነጻ በወጣችው በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1891 ዓ.ም. ያሳተመው እርሱ ነው። ሂካ ማለት በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ገበያው በብር ተምኖ ያሳለፋቸው ሌሎቹ ምን ስም ነበራቸው? ስማቸውስ ምን ይተረጎም ነበር?

ባሶ እንዴት ጠፋ? በእሳት አይደለም፤ መንገድ ፊቱን ቢያዞርበት ነው። የጎጃሙ ንጉሥና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከዓባይ ደቡብ ያለውን አገር፣ ግብሩንና የንግድ መንገዱን ተሻሙ። በግንቦት ወር 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ድል ሆነው ቆስለው ተማረኩ። ያን ቀን የተሸነፈው ጦሩ ብቻ አልነበረም። የእናርያ ቡናና የከፋ ዝባድ ከዚያ ወዲያ እያደር ወደ ሸዋ አቀና፤ በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ነጋዴ ለዘውድ ታማኝ አይደለም፤ ለመንገድ ነው። ንጉሡ ከምርኮ ተመልሰው በጎጃም ነገሡ፤ የባሶ ነጋዴ ግን አልተመለሰም።

ዛሬ የጎጃም ንግድ በደጀን በኩል ዓባይን ይሻገራል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው ድልድይ በጃፓን ርዳታ የተሠራ ነው። በክረምት የሚዘጋ መሻገሪያ የለም፤ መኪናው እህሉን ጭኖ የነጋዴው ጓዝ ብዙ ቀን የሚደክምበትን ገደል በሰዓታት ይወጣል። ከባሶ የቀረው ስም ነው፤ የጁቤ ያለችበት ወረዳ ዛሬም ባሶ ሊበን ይባላል።

በዚያ ሜዳ አንድ ቀን አስጎብኚ ቢቆም፣ የሚያሳየው መደብር አይኖረውም። ጨዉ ሟሟ፤ ብሩ ቀለጠ፤ ዝባዱ በነነ። የወርቁንና የቡናውን ነገር አጣፍጦ ቢናገር እንግዳው ደስ ብሎት ይሄዳል። ሰዎች የቆሙበትን ተራ ዘሎ ካለፈ ግን ባሶን አላሳየም፤ ሌላ ገበያ ፈጥሮ አሳየ እንጂ።