«ዝንጅብል»፦ ቀንድ ነው ወይስ ሥር?

በዱከም ገበያ ከነጭ ሽንኩርት ጎን የሚሸጠው ዝንጅብል ሞቃታማና ዝናባማ ከሆኑ አካባቢዎች፣ በተለይም ከከምባታ፣ ከወላይታና ከደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል የሚመጣ ምርት ነው። ስሙ ግን ከዚያ እጅግ ርቆ ነው የመጣው። አማርኛ «ዝንጅብል»ን የወሰደው «ዘንጀቢል» ከሚለው ዐረብኛ ነው፤ ቁርኣንም በ76ኛው ምዕራፉ የገነትን መጠጥ ሲገልጽ ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። ዐረብኛው ደግሞ በአራማይክና በጥንቱ ፋርስኛ በኩል ከሕንድ የተቀበለው ነው። በሳንስክሪት ቃሉ «ሽርንጋቬራ» ይባላል።

«ሽርንጋ» ቀንድ ማለት ነው። «ቬራ» በሳንስክሪት መዛግብተ ቃላት አካል ተብሎ ይፈታል። ሁለቱ ሲጣመሩ «አካሉ ቀንድ የመሰለ» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። እንዲህ ያለው ጥምር ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ጎመናችንን የሚበላውን ፍጥረት «ቀንድ አውጣ» ስንል የምንሰይመው ቀንዱን ሳይሆን ባለቀንዱን ነው። የሳንስክሪቱም ቃል አሠራር ይኸው ነው። ቅርንጫፍ ያወጣ ትልቅ ዝንጅብል በእጁ የያዘ ሰው የአጋዘን ቀንድ ቢታየው አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የሥርወ ቃል ተመራማሪዎች ይህን ፍቺ ኋላ የመጣ ነው ይላሉ። የዝንጅብል ንግድና እርሻ በደበረበት በደቡብ ሕንድ፣ ታሚልና ማላያላምን በመሳሰሉ ቋንቋዎች ተክሉ «ኢንቺ» ይባላል፤ «ቬር» ደግሞ ሥር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥምረት «ኢንቺ-ቬር» የሚል፣ የዝንጅብል ሥር ማለት ነበር። የሳንስክሪት ተናጋሪዎች ባዕዱን ድምፅ ሲሰሙ በራሳቸው ቋንቋ ትርጉም ወዳለው ነገር ለወጡት፤ ቀንዱ የተበጀው በዚህ ጊዜ ነው። «ቬራ» አካል ማለት ነው የሚለውም ይህንኑ ቃል ለመፍታት ሲባል የመጣ ይመስላል። ለእኔ ሁለተኛው ማብራሪያ ያመዝናል፤ ውበቱ ግን ከመጀመሪያው ጋር ነው።

ቃሉ ወደ ምዕራብም ተጉዟል። በግሪክ «ዚንጊቤሪስ»፣ በላቲን «ዚንጊቤር» ሆኖ፣ እንግሊዛዊው ዊልያም ሮስኮ እ.ኤ.አ. በ1807 «ዚንጊቤር ኦፊሲናሌ» የሚለውን ሳይንሳዊ ስም አወጣለት።

ታዲያ ሥር ነውን? የዕፅዋት ትምህርት አይደለም ይላል። የምንበላው ክፍል ከመሬት በታች በአግድመት የሚያድግ ግንድ ነው፤ አንጓዎችና እንደ ድንች ያሉ ዓይኖች አሉት፤ እውነተኛዎቹ ሥሮች ከሥሩ የሚወጡት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ይህ ለገበሬ የቃል ጨዋታ አይደለም። ዝንጅብል በዘር ፍሬ ስለማይራባ የሚተከለው ዓይን ያለው ቁራጭ ነው፤ ከእስያ እስከ አፍሪካ የተዘዋወረውም ሰው ቁራጩን ተሸክሞት ነው። ቁራጩ የያዘው በሽታም አብሮት ይጓዛል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የተቀሰቀሰው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የከምባታንና የወላይታን የዝንጅብል ማሳዎች ክፉኛ የጎዳው በአንድ በኩል በዚህ መንገድ ነበር። ባክቴሪያው በአፈር፣ በጎርፍና በእርሻ መሣሪያም ይዛመታል። ከገበያ የገዙትን ዝንጅብል በጓሮ የሚተክሉ ሰዎች ይህን ማወቅ ይበጃቸዋል፤ ለወጥ የተገዛ ዝንጅብል ከየትኛው ማሳ እንደወጣ አይታወቅምና።

የተተከለው ቅጠሉ ተጠቅልሎ ወደ ቢጫነት ከተለወጠና ከጠወለገ፣ ግንዱን ከታች ቆርጦ ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሳያናውጡ ማቆም ይቻላል። ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ ምልክቱ የባክቴሪያው ነው፤ ክሩ ካልታየ መንስኤው የውኃ እጥረት ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። የታመመውን ተክል ከነቁራጩ ነቅሎ ማስወገድ፣ መቆፈሪያውን ማጽዳትና በዚያው ቦታ ዝንጅብልን ደግሞ አለመትከል ያስፈልጋል።