ኤል፦ ከጦርነት ማግስት ፓሪስ እስከ 45 እትሞች

“ኤል” በፈረንሳይኛ “እሷ” ማለት ነው። ይህን ቃል መጠሪያው ያደረገው የሴቶች የፋሽን መጽሔት የመጀመሪያ እትሙ በፓሪስ ለንባብ የበቃው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 1945 ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ማብቃቱ ነው። በፈረንሳይ ምግብም ሆነ ጨርቅ በራሽን ይታደል፣ የማተሚያ ወረቀትም እጥረት ነበር። የአገሪቱ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡት በዚያው ዓመት ነው። ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ሥራ መያዝና በስሟ የባንክ ሒሳብ መክፈት እንድትችል ሕጉ የተሻሻለው ግን ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1965 ነበር።

ሁለት ጊዜ የተሰደዱት መሥራች

መሥራቿ ኤሌን ጎርዶን ላዛሬፍ የተወለዱት በሩሲያ ሲሆን፣ ቤተሰባቸው አብዮቱን ሸሽቶ ፓሪስ ገባ። ናዚዎች ፈረንሳይን ሲወሩ ደግሞ ከባለቤታቸው ከጋዜጠኛው ፒየር ላዛሬፍ ጋር ወደ ኒውዮርክ ተሰደዱ። በዚያ በጋዜጠኝነት ሲሠሩ የቀለም ፎቶግራፍንና በፋብሪካ በብዛት የሚመረት ልብስን በቅርብ አዩ። ከጦርነቱ በኋላ ይዘውት የተመለሱት ሐሳብም ፋሽን የባለጸጎች ብቻ መሆን የለበትም የሚል ነበር።

መጽሔቱ ከልብስ ጎን ለጎን ስለ ማዕድ ቤት፣ ስለ መጻሕፍትና ስለ ሴቶች መብት ይጽፍ ነበር። ከቀደምት አዘጋጆቹ አንዷ ፍራንሷዝ ዢሩ በ1974 በፈረንሳይ መንግሥት የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ ሆነው ተሹመዋል። ትችትም አልቀረም። መጽሔቱ በ1970 በቬርሳይ ትልቅ የሴቶች ጉባኤ ሲጠራ፣ የሴቶች ነፃነት ንቅናቄ አባላት ገብተው ተቃውሞ አሰሙ። ነፃነትን እየሰበከ የውበት ዕቃ የሚያስተዋውቅ መጽሔት የማን ወገን ነው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ስሙን በማከራየት ማደግ

ኤል ወደ ጃፓን የተሻገረው በ1970 ገደማ ነው። በ1985 በአሜሪካና በብሪታንያ፣ በ1988 ደግሞ በቻይና መታተም ጀመረ። በብዙ አገሮች የሚሠራበት መንገድ ተመሳሳይ ነው፦ የአገሩ አሳታሚ ለስሙ የፈቃድ ክፍያ ይከፍላል፣ ፎቶግራፎችንና ጽሑፎችን ከሌሎች እትሞች ጋር ይጋራል፣ የራሱን አንባቢዎች የሚመለከተውን ደግሞ ራሱ ያዘጋጃል።

ዕድገቱ ባለቤትነቱን ከፋፍሎታል። የፈረንሳዩ ላጋርዴር ኩባንያ በ2011 በውጭ አገሮች ያለውን የመጽሔት ሥራውን ለአሜሪካው ኸርስት በ651 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠ። በ2019 የፈረንሳዩ እናት እትም ወደ አንድ የቼክ ባለሀብት ኩባንያ ሲዛወር፣ ላጋርዴር የኤልን ስም ለራሱ አስቀረ። ስለዚህ የመጽሔቱ ስምና በፓሪስ የተወለደው ሳምንታዊ እትም የተለያዩ ባለቤቶች ኖሯቸው።

ያም ሆኖ ስሙ አንድ በመሆኑ አንዳንድ ውሳኔዎች በጋራ ይተላለፋሉ። ኤል በ2021 መገባደጃ የእንስሳት ፀጉር ልብስን ከ45ቱም እትሞች ገጾችና ማስታወቂያዎች እንደሚያስወጣ አስታውቋል።