ያልተጻፈ ደንብ፦ የሰንጠረዥ ጨዋታ ታሪክና ትምህርቱ

በማንኛውም ሙያ ውስጥ ከመመሪያው መጽሐፍ ላይ የማይገኙ፣ ነገር ግን ሥራው ያለ እነርሱ የማይከናወን አያሌ ልማዶች አሉ። ባለሙያው ሁሉ ስለሚያውቃቸው ማንም ሊጽፋቸው አይነሣም። አዋቂዎቹ ባለፉ ጊዜ ግን የቀረው ጽሑፍ ለተከታዩ ትውልድ ግማሹ እንደ ተቀደደ ንድፍ ይሆንበታል። ለዚህ ጉዳይ ሁነኛ ምሳሌ የሚሆነው በቀድሞው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታትና መሳፍንት ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዥ ስሙ እንደሚያመለክተው ከዐረቦቹ ሸትረንጅ ጋር አንድ ዘር ነው። ይኸውም መነሻው ሕንድ ሆኖ በፋርስና በዐረብ አገሮች በኩል የተስፋፋው ጨዋታ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተዘግቧል። ስለ አጨዋወቱ ሰፋ ያለ ወሬ ካቆዩልን መንገደኞች መካከል ግን ቀዳሚው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው። ሶልት በ1805 እና በ1809–10 (እ.ኤ.አ.) ወደ ትግራይ መጥቶ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሳለ ያየውን ጽፎታል።

እንደ ሶልት አገላለጽ የጨዋታው ዕቃዎች ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትላልቅና ሸካራ ነበሩ። ተጫዋቹ የባላጋራውን ዕቃ ሲበላ በኃይል መትቶ ከስፍራው ያስነሣዋል። በዙሪያው የተቀመጠው ሁሉ፣ አገልጋዩ ሳይቀር፣ ምክር ይሰጣል፤ ዕቃውንም እያነሣ ያሳያል። የዛሬው ቼዝ ዝምታን እንደ ክብር ሲቆጥር በዚያ አደባባይ ጫጫታው ራሱ የጨዋታው አካል ነበር።

የሰንጠረዥ ገበታ እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ ሳይሆን በመስመር ብቻ የተከፈለ ሆኖ 64 ቤቶች ነበሩት። ንጉሥ ወደ ማናቸውም አቅጣጫ አንድ ቤት ይሄዳል። ከጎኑ የሚቆመው ፈርዝ የዛሬዋ ንግሥት ኃይል ስላልነበረው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በመካከል ያለውን ዕቃ ዘልሎ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል። ፈረስ ከዛሬው አይለይም፤ ደር የተባለውም በቀጥታ እንደ ልቡ ይጓዛል። መደቅ የተባለው እግረኛ ከመነሻው ጀምሮ አንድ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ከጥንቱ የዐረቦች ጨዋታ ብዙም አይርቅም። ልዩ የሚያደርገው ወረራ የተባለው የመክፈቻ ደንብ ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ይጀምሩና አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ የፈቀደውን ያህል ዕቃ ያንቀሳቅሳል። የባላጋራው አሰላለፍ ሲለወጥ አይቶ የራሱን ወደ ኋላ መልሶ እንደ ገና ማሰለፍም ይችላል። ይህ የሚያበቃው የመጀመሪያው ዕቃ በተበላ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ መጫወት ይጀመራል።

ይህ ደንብ ለዛሬ አንባቢ ሥርዓት አልባነት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን አንድ እውነተኛ ችግር ይፈታል። የጥንቱ ጨዋታ ዕቃዎች ዝግተኞች በመሆናቸው ሁለቱ ሠራዊቶች እስኪገናኙ ድረስ ብዙ ተራ ይባክናል። ዐረቦች ይህንኑ ችግር ታቢያ የሚሉትን አስቀድሞ የታወቀ አሰላለፍ በማዘጋጀት አቃለሉት፤ ከ9ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮም ሊቃውንቶቻቸው በመጽሐፍ መዘገቡት። የኢትዮጵያ ተጫዋቾች መፍትሔ ግን ሌላ ነበር፤ አሰላለፉን ከዐይን ፍጥነትና ከባላጋራ ጠባይ ንባብ ጋር አያያዙት። ጦር ሜዳን ለሚያውቅ መኰንን ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም።

የፍጻሜው ደንብም እንዲሁ የራሱ መልክ ነበረው። በዐረቦች ዘንድ የባላጋራን ዕቃ ሁሉ በልቶ ንጉሡን ብቻውን ማስቀረት እንደ ድል ይቆጠር ነበር። በሰንጠረዥ ግን ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም። ከንጉሡ ሌላ አንድ ዕቃ ብቻ የቀረው ተጫዋች ሲሆን ደግሞ ያ ዕቃ ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ማት መድረስ አለበት። ስለሆነም ባላጋራውን እስከ መጨረሻው የሚገፍ ሰው ድሉን ከእጁ ያጣል። ማቱም ቢሆን እኩል ክብር አልነበረውም፤ በደር ወይም በፈረስ የተደረገው እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በመደቆች የተደረገው ተመልካቹን ያስደስት ነበር።

እዚህ ላይ የጽሑፍ እጦት ያስከተለው ችግር ይታያል። መደቅ ገበታውን አቋርጦ መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ ምን ይሆናል? ሶልት ምንም ሹመት አያገኝም ሲል ሌሎች መግለጫዎች ፈርዝ ይሆናል ይላሉ። እያንዳንዱ የጻፈው በአንድ ግቢ ያየውን ነበርና ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ጥናት ባወጡ ጊዜ የተበታተነውን ወሬ ለመሰብሰብ በአብዛኛው የውጭ መንገደኞችን መጻሕፍት ማገላበጥ ግድ ሆኖባቸዋል።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው ማተሚያ ቤት በሌለበት ብቻ እንዳይመስለን የአሜሪካንን አንድ ታሪክ ማየት ይጠቅማል። በ1974 (እ.ኤ.አ.) ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን ጨዋታ አወጡ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው የአንድ ጀግና፣ የአስማተኛ ወይም የመሰሉትን ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ በአንድ ዳኛ መሪነት ተረት መሰል ዓለም ውስጥ ይጓዛል። ደንቡ በሦስት ትናንሽ መጻሕፍት ታትሟል። ነገር ግን ለውጊያው ክፍል አንባቢው በ1971 የወጣውን ቼይንሜል የተባለ ሌላ የጦር ጨዋታ ደንብ እንዲይዝ ይጠበቅበት ነበር። በውጊያ ማን ቀድሞ እንደሚመታ እንኳ በግልጽ አልተብራራም። ኤልፍ የተባለው ፍጡር አንድ ቀን ተዋጊ፣ ሌላ ቀን አስማተኛ እንዲሆን፣ በአንድ ጨዋታ መካከል ግን እንዳይለውጥ የሚያዝ ደንብም ነበር፤ ይህ በተግባር እንዴት እንደሚፈጸም ብዙ አከራክሯል።

ምክንያቱ ከሰንጠረዡ ጋር አንድ ነው። ደራሲዎቹ የጻፉት የጦር ጨዋታን ለሚያውቁ ባልንጀሮቻቸው ነበርና ለእነርሱ ግልጽ የሆነውን አልጻፉም። ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው። ኤሪክ ሆምስ የተባሉ የነርቭ ሕክምና መምህር መጽሐፉን አንብቦ ብቻ ጨዋታውን መማር አስቸጋሪ መሆኑን ተመልክተው ደንቡን ለጀማሪ እንዲገባ አድርገው አዘጋጁት፤ በ1977ም ታተመ። ሰንጠረዥ እንዲህ ያለ አዘጋጅ በጊዜው ሳያገኝ ቀረ። ዓለም አቀፉ ቼዝ ከታተመ ደንቡ ጋር ሲገባ፣ ወረራና የሰባቱ እርምጃ ደንብ ከአደባባይ ጠፉ።

ያልተጻፈ ሁሉ ይጠፋል ማለት ግን አይደለም። የጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ፣ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። በእነዚህ ስፍራዎች ደቀ መዝሙሩ የቅኔውን መንገድ በዋነኛነት ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ በቅቶ ሲመረቅ ደግሞ በተራው ያስተምራል። ዕውቀቱን ያቆየው የማስተማር ሥርዓቱና የመምህራኑ ሐረግ ሳይቋረጥ መዝለቁ ነው። ሰንጠረዥ ወረቀቱም መምህሩም አልነበሩትም፤ የተመካው በመኳንንቱ ግቢ ላይ ስለ ነበር፣ የግቢው ኑሮ ሲለወጥ አብሮ አለፈ።

በዚህ ረገድ ዛሬ የሚያሰጋው ገበጣ ነው። ገበጣ መሬት ላይ በተማሰ ጉድጓድና በጠጠር ስለሚጫወቱት ከግቢ ውጭ ኖሯል፤ የጉድጓዱ ረድፍና የአበላሉ ደንብ ግን ከስፍራ ስፍራ ይለያያል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ጨዋታውን ከአባቶቻቸው የተማሩ አዛውንት ሲገኙ፣ ደንቡን መጠየቅና መመዝገብ የአንድ ቀን ሥራ ነው። መዝጋቢው ማን እንደሚጀምር፣ ጠጠሩ ወዴት እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚበላ፣ ክርክር ሲነሣ ማን እንደሚዳኝ ይጠይቅ። ከሁሉም ይልቅ ተጫዋቾቹ «ይህማ የታወቀ ነው» ብለው የሚያልፉትን ነገር ደግሞ ደጋግሞ ይጠይቅ። ሶልት ስለ መደቁ ሹመት አንድ ተጨማሪ ሰው፣ በአንድ ሌላ ግቢ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ጥያቄ በአንድ መስመር መልስ ባገኘ ነበር።