ከሦስት ጉልቻ እስከ ኤሌክትሪክ ምጣድ፤ የምድጃ ታሪክ በሐይቅና በአምባሰል

የታሪክ ትምህርት ስንማር ስለ አገራችን ብዙ ነገር እንሰማለን። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የትምህርት ምንጭ እንዳደረጉት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. በአምባሰል ውጫሌ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ውል እንደ ተዋዋሉ፣ የውሉም 17ኛ አንቀጽ በኋላ ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት እንደ ሆነ የዚህ አገር ተማሪ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በዚያ ሰፈር ለነበረው ሠራዊት እንጀራው በምን ተጋገረ፣ ወጡስ በምን ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ዘመን ጦር በተነሣበት ሁሉ እህል የሚፈጩ፣ ድንጋይ ለቅመው ጉልቻ የሚጎልቱና የሚጋግሩ ሴቶች አብረው ይጓዙ ነበር። የእነርሱ ሥራ ባይኖር የጦር አለቆቹ ስም በመጽሐፍ ባልተጻፈ ነበር። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ምድጃ ለመጻፍ መረጥሁ።

አንዳንድ ሰው «ምድጃ ምን ታሪክ አለው?» ይል ይሆናል። ለዚህ ዐይነቱ ሰው ዋና መከራከሪያው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ነው። ተረቱ ስለ ወጡ የተናገረው እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ ማገዶው፣ ስለ ጭሱና ስለ ባለቤቲቱ ዐይን ግን ምንም አልተናገረም።

ከሁሉ የሚቀድመው ምድጃ ሦስቱ ጉልቻ ነው። ለምን ሦስት ሆነ? አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ወለሉ ጐርበጥ ካለ ይወዛወዛል፤ በሦስት ነጥብ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ግን በማናቸውም መሬት ላይ ሳይነቃነቅ ይቆማል። ይህን በጂኦሜትሪ ትምህርታችን የተማርነውን ነገር አያቶቻችን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። ጉልቻ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድስቱ ቢያንስ ይጠጋል፣ ምጣዱ ቢሰፋ ይራራቃል፤ ፍልጡንም፣ ጭራሮውንም፣ ኩበቱንም ሳይመርጥ ይቀበላል። በደጋው በአምባሰል ብርድ ቤቱን ያሞቃል፤ ጭሱም የሣሩን ጣራ ከነፍሳት ይጠብቃል። ትዳር መያዝ «ሦስት ጉልቻ መመሥረት» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉድለቱ ግን ከባድ ነው። እሳቱ በሦስት ወገን ክፍት ስለ ሆነ ነፋስ እንደ ፈለገ ይወስደዋል፤ ከሚነደው እንጨት ሙቀት ወደ ድስቱ ወይም ወደ ምጣዱ የሚገባው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ዘጠኙ እጅ ግድግዳውን፣ አየሩንና የጋጋሪዋን ጉልበት ያሞቃል። በተለይ እንጀራ ብዙ እሳት ይፈልጋል። ምጣዱ ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ሸክላ ስለ ሆነ፣ መጀመሪያ እርሱ ራሱ እስኪግል ድረስ ብዙ እንጨት ይበላል። ከዚያም ሊጡ በዙሪያው ፈስሶ፣ ዐይን አውጥቶ፣ በአክንባሎ ተከድኖ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ይበስላል። በየመሀሉ በጎመን ዘር ይታሰሳል። በእንጀራ አገር ከቤት ማገዶ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ለእንጀራ መጋገር እንደሚሄድ ይገመታል። አዲስ ምጣድ ገዝቶ በደንብ ሳያሟሹ መጋገር ደግሞ ሊጡን ከምጣዱ ጋር ማጣበቅ ነው፤ «ለምጣዷ ሲባል አይጧ ትለፍ» የተባለውም ምጣድ ምን ያህል ውድ ዕቃ እንደ ሆነ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። ማድቤት የሴት ብቻ ነው የሚሉ ወንዶች ተማሪዎች አሉ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት የማትገባበት ስለ ሆነ፣ በውስጡ የሚጋገረውንና የሚወጠወጠውን ሁሉ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው። ይህም ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ ሥርዐት ነው።

ቀድሞ እሳት ራሱ እንደ ገንዘብ ይጠበቅ ነበር። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፤ ጧት አመዱ ተገልጦ በጭራሮ ይቀጣጠላል። የአንዱ ቤት እሳት የጠፋ እንደ ሆነ ልጅ ወደ ጐረቤት እሳት ሊጭር ይላካል። ክብሪት በየሱቁ ከገባ በኋላ ይህ ልማድ እየቀረ ሄደ፤ ጉልቻው ግን አልተለወጠም። የተለወጠው ማገዶው ነው። ወይራውና ጥዱ ከተራራው ላይ እየተመነጠረ ሲያልቅ ሕዝቡ ወደ ኩበት ዞረ። ኩበት ሲነድ ደግሞ እርሻው ማዳበሪያውን ያጣል፤ ማለት የዛሬውን እንጀራ ለመጋገር የከርሞውን አዝመራ እንደ መማገድ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ብዙ ቤት አድኗል። ቢሆንም ወሎን በ1966 እና በ1977 ዓ. ም. ያገኙት የረኀብ ዘመናት የተራቆተ መሬት ዝናብ ሲጎድል ምን እንደሚሆን አሳይተዋል። ለድርቁ ምክንያቱ ጉልቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዝናብን ጉልቻ አይከለክለውም። ዛፍ የሌለው ዳገት ግን የመጣለትንም ዝናብ አይዝም።

የማገዶውን ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የሚከፍሉት ልጃገረዶች ናቸው። እንጨቱ በራቀ ቍጥር ለቀማው ይረዝማል፤ ለቀማው በረዘመ ቍጥር ከክፍል የሚቀር ወንበር ይኖራል። ጭሱም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገምታል። በእናቶቻችን ማድቤት ግድግዳ ላይ የምናየው ጥቀርሻ በሳንባቸው ውስጥ የማይገባበት ምክንያት የለም።

ከሰል ከእንጨት የተሻለ ይመስላል፤ ጭሱ ጥቂት ነው፣ ሙቀቱም የረጋ ነው። የወሎ ቡና ያለ ከሰል ፍም አይታሰብም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ ጀበናው ከምድጃው ላይ አይወርድም፣ ዕጣኑም ከፍሙ ላይ አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከአምስት ኪሎ የሚበልጥ እንጨት ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከሰል ጭሱን ወደ ዱሩ አዛወረው እንጂ አላጠፋውም። በሩ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት ደግሞ ሽታ በሌለው መርዝ መሞት ነው። ከቆርቆሮ የሚሠራው የዱሮው የከሰል ምድጃ ሙቀቱን በጐኑ ያፈስሳል። በ1980ዎቹ በናይሮቢው ባለ ሸክላ ምድጃ አርአያ የወጣው «ላቀች» የተባለው ምድጃ ውስጡ በሸክላ የተለበጠ ስለ ሆነ ከከሰሉ ሩብ ያህሉን ይቆጥባል።

በላምባ የሚሠራውን ባለ ፓምፕ ምድጃ በ1892 በፈረንጆች አቆጣጠር የሠራው ሊንድቅቪስት የተባለ ስዊድናዊ ነው። በከተማ ለብቻው ለሚኖር ሠራተኛ፣ ለተማሪም፣ ሻይ ለማፍላትና ሽሮ ለመሥራት አመቺ ነበር። ሽታውና ድምፁ ግን ጐረቤትን ይቀሰቅሳል። ቡታጋዝ ከዚህ የጠራ ነው፤ ነበልባሉ በቅጽበት ይጨምራል፣ በቅጽበትም ይቀንሳል፤ ድስትም አያጠቁርም። ነገር ግን ሁለቱም ነዳጃቸው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ሆነ መርከብ ሲዘገይ ወጡ ይዘገያል። ዋናው ጉድለታቸው ግን ሌላ ነው፤ ነበልባላቸው ጠባብ ክብ ስለ ሆነ ሰፊውን የሸክላ ምጣድ መሀሉን ያሳርረዋል፣ ዳሩን ጥሬ ያስቀረዋል። የሌላ አገር ሰው ለሌላ አገር ድስት የሠራው ምድጃ ነውና አይፈረድበትም።

ለእኛ ምጣድ ተብሎ የታሰበው «ምርጥ» ምድጃ ነው። ይህም በ1980ዎቹ አጋማሽ ገደማ በአገራችን የኢነርጂ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሠራል። ስድስት ክፍል አለው፤ አራቱ ተጋጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ይይዛሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ድስት ይሸከማሉ። እሳቱ በአንድ በር ብቻ ስለሚገባ ነፋስ አያገኘውም፤ ምጣዱን ካሞቀ በኋላ የሚወጣው ትርፍ ሙቀት ከኋላ ያለውን ወጥ ያበስላል። ከጉልቻ ጋር ሲመዘን ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እሳትን በግንብ ከብቦ ሙቀቱን መያዝ የሚለውን ይህንኑ ዘዴ በፈረንጆች 1790ዎቹ ራምፎርድ የተባለው ሊቅ በአውሮፓ አስተምሮ ነበር፤ ወደ እንጀራችን ለመድረስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጀ። ምርጥ ምድጃ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ከተተከለበት አይንቀሳቀስም፤ ከልኩ የሰፋ ወይም የጠበበ ምጣድ አይቀበልም፤ በብርድ ሌሊት ዙሪያውን ከብበው እሳት ሊሞቁበትም አይመችም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ እንምጣ። በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ. ም. ተመርቆ የከተሞች መብራት ከጨመረ ወዲህ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአዲስ አበባ፣ ቀስ በቀስም በሌሎች ከተሞች እየተለመደ መጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። በሸክላው ሆድ ላይ ቦይ ይቦረቦራል፤ በቦዩ ውስጥ የሚግል ሽቦ ይዘረጋል፤ ከሥሩም ሙቀት የማያሳልፍ ነገር ይደረጋል። ሙቀቱ በምጣዱ ሁሉ እኩል ይዳረሳል፤ ጭስ የለ፣ ጥቀርሻ የለ፣ እፍ ማለት የለ። ሒሳቡን ብንሠራው፣ አንዱ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። ይህም የ10 ዋት አምፑል 350 በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። እንግዲህ በበዓል ዋዜማ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሶኬቱን ሲሰካ መብራቱ ለምን እንደሚደክም አይገርምም። ስስ ሽቦ በተዘረጋበት ቤት ምጣድ መሰካት የእሳት አደጋ መጥራት ነው።

ኤሌክትሪክ ሌላም ደካማ ጎን አለው፤ ሲጠፋ ምጣዱ ተራ ሸክላ ሆኖ ይቀራል። በ2014 ዓ. ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ መብራት ስለ ተቋረጠ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የነበረው ቤት ሁሉ ዕንጨት ፍለጋ ወጣ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ነገር ግን ኀይሉ በግድቡ መኖሩና በአምባሰል ገደል ላይ ካለች ጎጆ መድረሱ ለየቅል ነው።

በቅርብ ጊዜ ደግሞ ኢንዳክሽን የሚባል ምድጃ መጥቷል። ምድጃው ራሱ አይግልም፤ በማግኔት ኀይል የድስቱን ብረት ያግለዋል። ከሁሉም ይልቅ ቆጣቢ ነው ይባላል፤ እኔም በፊዚክስ ትምህርቴ መሠረት እስማማለሁ። ግን ማግኔት የሚስበው ብረት ያስፈልገዋል። የሸክላ ድስት ቢጥዱበት፣ ጀበና ቢጥዱበት፣ የሸክላ ምጣድ ቢጥዱበት እንደ ቀዘቀዘ ይውላል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንኳ ይህን ችግር የፈቱት በሌላ መንገድ ነው፤ ለኖርዌይ ቂጣ የተሠራውን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ገዝተው እንጀራ ይጋግሩበታል።

ወጥ ለመሥራት ምድጃ ሲመረጥ የአገሩም ከፍታ መታሰብ አለበት። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ባቄላና አተር ቶሎ አይበስልም፤ እሳት ቢጨምሩበትም ውሃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ለዚህ የሚሻለው ድስቱን ከድኖ እሳቱን ማሳነስ ነው። እሳት ቶሎ መቀነስ በቡታጋዝና በኤሌክትሪክ ቀላል ሲሆን፣ በጉልቻ ግን እንጨቱን እየጎተቱ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ጭሱም ያን ጊዜ ይብሳል።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። በሐይቅ ከተማ ደኅና ሽቦ ላለው ቤት ለእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ ምርጥ ምድጃ በጓሮ መትከል ይሻላል። መብራት ላልደረሰበት የአምባሰል ገጠር ከምርጥ ምድጃ የሚበልጥ አላየሁም፤ ለሲሚንቶው የሚወጣው ገንዘብ በሚተርፈው እንጨት ይመለሳል። ለቡናው ላቀች ይበቃል። በእንጨት የተጋገረ እንጀራ ዐይኑ ያምራል፣ ይጣፍጣል የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር መከራከር አልፈልግም። ይሁን እንጂ ከሁለቱም ምጣድ የወጣ እንጀራ በአንድ መሶብ ተደባልቆ ቢቀርብ ለይቶ የሚያወጣው ሰው መኖሩን ማየት ያስደስተኛል፤ ለመጪው ዓመት የሳይንስ ማኅበራችን ፈተና እንዲሆን ሐሳቡን አቅርቤአለሁ፤ እንጀራውን የሚያመጡት ግን ወንዶቹ ተማሪዎች ራሳቸው ጋግረው ነው።