ዜና ክፉ ቀን በበጌምድር

በ1880 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ አጼ ዮሐንስ በነገሡ በ16 ዓመት፣ በበጌምድር መከራ ጀመረ። በጥር ወር የሱዳን ደርቡሾች በአቡ አንጃ አዝማችነት ደምቢያ ገቡ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ሣር ውኃ ላይ ገጠሟቸው፤ ድሉ ግን ለደርቡሽ ሆነ። ጎንደር ዘልቀው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ ብዙ ሰውም ማርከው ሄዱ።

ከጦሩ የከፋው ግን ነጋሪት ሳይጎሰምለት መጣ። ኢጣሊያኖች ለወታደራቸው ቀለብ ከሕንድ ወደ ምጽዋ ካስመጧቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ገባ። ከባሕር ወደ ደጋው ወጣ፤ ከትግሬም ወደ በጌምድር ተሻገረ። የታመመው በሬ ዓይኑ ያነባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላም ይወድቃል። ከመቶው ከብት 90 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ሞፈርና ቀንበር ያለ ሥራ ቀረ።

በዚያም ላይ ዝናቡ ቀረ፣ ፀሐዩ በረታ። የበቀለችውን ጥቂት ቡቃያ ተምችና አንበጣ፣ የተረፈውንም አይጥ በላው። ራስ ጉግሳ የቆረቆሯት፣ አጼ ቴዎድሮስ ከተማ ያደረጓት፣ አጼ ዮሐንስም የከረሙባት ደብረ ታቦር ሠራዊት መመገብ የለመደች አገር ነበረች። በዚያ ጊዜ ግን ሠራዊቱ ሲወጣና ሲወርድ ከገበሬው ጎተራ የዘሩን እህል ሳይቀር በላ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ወደቁ፤ አገሩም ጠባቂ አጣ።

ከዚህ በኋላ ረሃቡ ጸና። ሰው የሚተኛበትን ጀንዲ ነክሮ ቀቀለ፤ የአህያና የፈረስ ሥጋ ነውር መሆኑ ቀረ። ሥራሥርና ቅጠል የሚለቅም በየጫካው ተበተነ። ጅብ ደካማውን በቀን ደፈረ። ረሃብ ያልጨረሰውን ፈንጣጣና የኮሌራ በሽታ ተከተለው። በመላ አገሩ ከሦስት ሰው አንዱ እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ።

ከዚህ 40 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በአውሮፓውያን ቁጥር በ1845፣ በአየርላንድ አገር የድንች ዋግ ወርዶ ነበር። የዚያ አገር ድሃ ከድንች በቀር ሌላ ቀለብ እምብዛም አልነበረውም። ቅጠሉ ጠቆረ፣ ሥሩም ከመሬት ውስጥ በሰበሰ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከሚሊዮን የሚበልጥም ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። በዚያው ወራት እህል በመርከብ ተጭኖ ወደ እንግሊዝ ይሄድ ነበር። በዚያ አገር የሞተው ሰብሉ፣ በበጌምድር የሞተው በሬው ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ሕዝብ በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ነበር። ምሰሶው ሲወድቅ ደግሞ ገዥው ገፋ እንጂ አልደገፈም።

ወደ ቀደመው ነገር እንመለስ። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ የነገሡት አጼ ምኒልክ፣ በሬ ቢታጣ በእጅ ይቆፈር ብለው አዘዙ። ራሳቸውም ዶማ አንሥተው ቆፈሩ፤ መኳንንቱም ይህን አይተው ቆፈሩ። ጉልበቱ ያልከዳው ገበሬ በዶማ ጥቂት ጥቂት እየፈነቀለ ዘራ። በ1884 ዓ.ም. ዝናቡ ተመለሰ፣ እህሉም ያዘ።

ከዚያ ዘመን ጀምሮ የድንች ነገር በደጋው ጎላ። ድንችን በአውሮፓውያን ቁጥር በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ነው ይባላል። ገበሬው ቀድሞ ችላ ብሎት ሲኖር፣ ክፉ ቀን ካሳየው ወዲያ በሰፊው ተከለው። በሬ ሳይጠምዱ በዶማ ሊተከል ይችላል፤ ገብስና ስንዴ ሳይደርስም ይበላል። አየርላንድን ያስራበው ተክል በዚህ አገር የረሃብ መሻገሪያ ሆነ።

ዛሬ በጉና ግርጌ፣ በፋርጣና በላይ ጋይንት፣ ድንች ከገብስ ጎን ይተከላል። ዋጉም አብሮት አለ፤ በክረምት ዝናብና ጉም ሲከብድ የአየርላንዱ በሽታ እዚህም ቅጠሉን ያጠቁራል። ስለዚህ የጉና ገበሬ ድንቹን ይትከል፤ ገብሱን ግን አይተው፣ ለዘር ያኖረውንም አይብላ። ሹመኛም በክፉ ዓመት ከዚያ ዘር ላይ እጁን ያንሣ።