ዲዩቴሪየምና የጠፋ ውሃ ታሪክ

ዲዩቴሪየም በአስኳሉ ውስጥ ከፕሮቶኑ ሌላ አንድ ኒውትሮን የያዘ ሃይድሮጂን ነው። በምድር ውቅያኖሶች ከሚገኘው 1 ሚሊዮን የሃይድሮጂን አቶም 156 ያህሉ ዲዩቴሪየም ነው። ይህን ከባድ አቶም የያዘ ውሃ ለመትነን ስለሚዘገይ፣ ብዙ ውሃ በተነነበት ቦታ የከባዱ ድርሻ ከፍ ይላል። ከባዱ የኦክስጅን ዓይነት፣ ኦክስጅን-18ም፣ ጠባዩ እንዲሁ ነው።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪ.ሜ ገደማ ላይ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ለዚህ ጥናት የታደለ ስፍራ ነው። ጅረቶች ይገቡበታል እንጂ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ስለዚህ ድርቅ ሲበረታ ከባዱ ውሃ ይከማቻል፣ ዝናብ ሲበዛ ይቀንሳል። ከውሃው የሚዘቅጠው የካርቦኔት ደለል የየዘመኑን ኦክስጅን ይዞ በንብርብር ይቀበራል። ሄንሪ ላምብ፣ ተናለም አየነው፣ መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከዚሁ ደለል ያለፉትን 2,000 ዓመታት የአየር ንብረት አንብበዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 8 ሜትር በሚረዝም የደለል ናሙና ውስጥ ዳያተም የተባሉትን ጥቃቅን አልጌዎች ተከትሎ እስከ 15,600 ዓመት ወደኋላ ሄዷል፤ ሐይቁ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ ጥልቅ የነበረው ከ12,000 እስከ 10,000 ዓመት በፊት መሆኑንም አሳይቷል። በጣና ደለል ተቀብሮ በቆየ የቅጠል ሰም ላይ ዲዩቴሪየሙ ራሱ ተለክቷል። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ የጽሑፍ ምስክርም አለ፦ በ1520ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የእስጢፋኖስን ገዳም በደሴት ላይ እንዳለ ጽፏል፤ ዛሬ ግን በእግር ይገባበታል።

በፕላኔት ደረጃ ውሃው የሚጠፋው ወደ ጠፈር ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በከባቢ አየሩ ላይኛ ክፍል የውሃን እንፋሎት ይሰነጥቃል፤ ቀላሉ ሃይድሮጂን ያመልጣል፣ ዲዩቴሪየሙ በአመዛኙ ይቀራል። ሐይቅን ክረምቱ መልሶ ይሞላዋል፤ ማርስ ግን ይህን የሚመልስላት ዝናብ የላትም። በከባቢ አየሯ ያለው የዲዩቴሪየም ድርሻ ከምድር ውቅያኖስ 5 እጥፍ ገደማ ነው። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ በጌል ጉድጓድ ከመረመረችው ጥንታዊ የጭቃ ድንጋይ የተገኘው ግን 3 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። የጭቃው ዘመን ሲደርስ ብዙ ውሃ ጠፍቶ ነበር፣ ከዚያ ወዲህም መጥፋቱ አልቆመም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ስሌት ጥንታዊው ውሃ በመላው ፕላኔት ላይ ቢዘረጋ ቢያንስ 137 ሜትር ውፍረት እንደነበረው ይገምታል።

ቬነስ ከሁሉም ትብሳለች። እ.ኤ.አ. በ1978 የደረሰችው ፓዮኒር ቬነስ ባገኘችው መረጃ መሠረት ድርሻው ከምድር 100 እጥፍ ይበልጣል። ይህ ቁጥር ግን የጠፋውን ውሃ ትንሹን መጠን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ዲዩቴሪየሙም በጥቂቱ ስለሚያመልጥ እውነተኛው መጠን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።