የማን ኮምፒውተር? የተጠቃሚ አካውንት ታሪክ ከጋራ ማሽን እስከ ግል ላፕቶፕ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ ላይ የቀረበ)



ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበትን ላፕቶፕ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ማሽኑ ተጠግኖ ከመጣ በኋላ ረጅም የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ የተቀመጠው ኮምፒውተሩ በተገዛበት ቀን በተከፈተው የኦንላይን አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱን የከፈተላት ግን ሻጩ ነበር፤ በየትኛው ኢሜይል እንደከፈተው እሱም አያስታውስም። ላፕቶፑ የእሷ ነው፤ ደረሰኙ በስሟ ነው፤ ጽሑፉንም የጻፈችው ራሷ ናት። በሩ ግን አልተከፈተላትም። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ይነሣል፦ የገዛነው ዕቃ ባለቤትነታችንን ሌላ ቦታ ሄደን እንድናስመሰክር መጠየቅ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የተጠቃሚ አካውንት የተወለደው ከእጥረት ነው። በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት የተሠራው ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት፣ ብዙ ሰዎች አንድን ውድ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ እንዲጋሩት አስቻለ። መጋራት ባለበት ድንበር ያስፈልጋል። የማን ፋይል የት እንዳለ፣ ማንስ ስንት ሰዓት እንደተጠቀመ መታወቅ ነበረበት፤ ስለዚህ ለየሰዉ የይለፍ ቃል ተሰጠ። አለን ሼር የተባለ ተመራማሪ የተመደበለት ሰዓት ስላልበቃው፣ በ1962 የይለፍ ቃሎቹን ፋይል አሳትሞ በሌሎች ስም ይሠራ እንደነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሯል። ታሪኩ ቢያስቅም ቁም ነገር አለው፦ ያኔ የሚጠበቀው ንብረት የተቋሙ ነበር፤ ተጠቃሚው እንግዳ ነው፤ እንግዳን ስሙን መጠየቅም ነውር አይደለም።

የግል ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ግንኙነት ተገለበጠ። አይቢኤም በ1981 ባወጣው ኮምፒውተር ላይ ይሠራ የነበረው ዶስ ሲነሣ ቀንና ሰዓት ይጠይቅ ነበር እንጂ ስም አይጠይቅም። በዊንዶውስ 95 ዘመን የይለፍ ቃል መጠየቂያ ቢኖርም፣ በብዙ የቤት ኮምፒውተሮች ላይ አንዲት ቁልፍ በመጫን ይታለፍ ነበር። ደኅንነቱ ደካማ መሆኑ አይካድም። የቤቱ ጌታ ማን እንደሆነ ግን አያጠራጥርም ነበር።

ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ፈቃዱን በኢንተርኔት ወይም በስልክ ማረጋገጥን ግዴታ አደረገ፤ ሆኖም የገዢውን ማንነት አልጠየቀም። በ2012 ዊንዶውስ 8 የማይክሮሶፍት አካውንትን በፊት ለፊት አቀረበ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው አካውንትም በምርጫነት ቀረ። በ2021 የወጣው የዊንዶውስ 11 የቤት እትም ግን ገና ሲጫን ኢንተርኔትና አካውንት ግድ አለ፤ በቀጣዩ ዓመት የባለሙያ እትሙም ለግል አገልግሎት ሲጫን ይህንኑ ጠየቀ። ተጠቃሚዎች ማለፊያ ትእዛዝ አገኙ፤ ኩባንያው በመጋቢት 2025 ትእዛዙን ከሙከራ እትሙ አወጣው። ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 2025 መደበኛ ድጋፉ ሲያበቃ፣ ለተጨማሪው ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ የሚመዘገብ ግለሰብም አካውንት እንዲኖረው ተጠየቀ። ተጠቃሚው ከተጫነ በኋላ ወደ ውስጣዊ አካውንት መመለስ ይችላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ስሙን ሰጥቶ መግባት አለበት።

የኩባንያዎቹ ምክንያት ባዶ አይደለም። የዲስክ ምስጠራ የተሰረቀ ላፕቶፕን መረጃ ከሌባ ይጠብቃል፤ ቁልፉን በአካውንት ማስቀመጥም የረሳውን ሰው ይታደጋል። ተማሪዬ አካውንቱን በራሷ ኢሜይል ከፍታ ቢሆን ኖሮ ያው አሠራር ባዳናት ነበር። ስለዚህ ክርክሩ አካውንት ይኑር አይኑር አይደለም፤ እምቢ የማለት መብት ይኑር አይኑር ነው። ጥቅም ያለው ነገር በምርጫ ሲቀርብ አገልግሎት ይባላል፤ በግዴታ ሲቀርብ ግን ባለቤቱን መልሶ እንግዳ ያደርገዋል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በ2020 ክረምት በመላ አገራችን ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር፤ በትግራይ ደግሞ ከዚያው ዓመት ኅዳር ጀምሮ መቋረጡ እጅግ ረዝሟል። ያለ ኢንተርኔት የማይጫን ስርዓተ ክወና፣ ግንኙነት በማይቋረጥበት አገር ታስቦ የተሠራ ነው።

ታሪክ ይህ ሂደት የማይመለስ መሆኑንም አያስተምርም። በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን የተባለው የጨዋታ ማሽን በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ እንዲረጋገጥ አስቦ ነበር፤ የገዢዎች ቁጣ ስለበረታ ማሽኑ ገበያ ሳይወጣ፣ በሰኔ ወር ሐሳቡን ሰረዘ። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። ባለቤቱ ድምፁን ሲያሰማ አጥሩ ይከበራል።

ተማሪዬ ለአማካሪዋ ልካው ከነበረ የቆየ ረቂቅ ተነሥታ ጽሑፏን እንደገና ጻፈች፤ ሁለት ምዕራፎች ግን ጠፍተው ቀሩ። እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ኮምፒውተራችሁ በማን አካውንት እንደተከፈተ እዩ፤ የመክፈቻ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ስለ መብቱ እንከራከራለን።